ለመንግሥት የተሰጠ አደራ ለአበዳሪ ሊነገር ይገባልን?

ሰው ከእጁ አውጥቶ ለሌላ ሰው የሚያስረክበው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው አደራ ነው። ስጦታን የተቀበለ ሰው ቢሸጠው፣ ቢለውጠው፣ ለሦስተኛ ሰው ቢሰጠው የሚከሰው የለም፤ ለምን ቢሉ ገንዘቡ ሆኗልና። አደራን የተቀበለ ሰው ግን ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ቍልፉ በእጁ ቢሆንም ሣጥኑ የእርሱ አይደለም። ስለዚህም ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድርና ስለ አደራ ለየብቻ ይናገራል፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አይመዝንም። የኢትዮጵያም ሰው የተበደረውን ካልከፈለ ሰው ይልቅ አደራ የበላውን አጥብቆ ይጸየፋል፤ «አደራ በላ» መባል ከዕዳ ሁሉ የከበደ ነውር ነውና።

ይሁን እንጂ አደራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወርቅን፣ ብርንና ከብትን ነው። ነገር ግን በቃል የሚሰጥ አደራም አለ። ሰው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን፣ የሚኖርበትን ቤት፣ የቤተ ሰቡን ቍጥርና የገቢውን ልክ ለሹም ሲያስመዘግብ ከራሱ ሕይወት ቈርሶ በሌላ እጅ ማኖሩ ነው። ታዲያ ይህን የተቀበለ መንግሥት የተቀበለው ምንድን ነው? ስጦታ ነውን ወይስ አደራ? ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል ብቻ የሚነሣ አይደለም፤ ዛሬ በብዙ አገር ቤት ለመከራየት ወይም ገንዘብ ለመበደር የሚፈልግ ሰው ዕድሉ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።

መንግሥታት ሕዝባቸውን መጻፍ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። አውግስጦስ ቄሣር ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ባዘዘ ጊዜ ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ወደ ቤተ ልሔም እንደ ወጣ ወንጌላዊው ሉቃስ ይመሰክራል፤ የባዕድ ንጉሥ ትእዛዝ ነው ብሎ አልቀረም። ንጉሥ ዳዊት እስራኤልን ባስቈጠረ ጊዜ ግን በሕዝቡ ላይ ቸነፈር ወረደ። ሁለቱን ታሪክ አስተያይቶ ያነበበ ሰው የሚማረው ይህ ነው፤ መጻፍና መቍጠር በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ የሚመረመረው «ለምን ተጻፈ? የተጻፈውስ ወዴት ሄደ?» የሚለው ነው።

የአበዳሪ መዝገብ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከተማ ትንሽ በነበረ ጊዜ አበዳሪ ተበዳሪውን በመልኩ ያውቀው ነበር፤ ባያውቀውም ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋሱም የሰውየውን አባትና ጎረቤት ያውቅ ነበር። ከተማ ሲሰፋና ሰው ለሰው እንግዳ ሲሆን ግን ነጋዴዎች የከዳተኞችን ስም እርስ በርሳቸው መነጋገር ጀመሩ። በሎንዶን ከተማ በ1776 ዓ.ም. (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ንግድን ከአጭበርባሪዎች የሚጠብቅ የነጋዴዎች ማኅበር ተቋቋመ። በ1841 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሉዊስ ታፓን የተባለ ነጋዴ፣ ባርነትን በመቃወም የታወቀው ሰው፣ በየከተማው ወኪል አቁሞ የነጋዴዎችን ጠባይና የመክፈል ዐቅም እያስጻፈ ለአበዳሪዎች በክፍያ የሚያሳይ ድርጅት ከፈተ።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር ይህን ሥራ በዋናነት የያዙት ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የብድር መረጃ ኩባንያዎች ናቸው። ሥራቸው ማበደር ሳይሆን ስለ ተበዳሪ መናገር ነው። ባንኮች፣ የስልክና የመብራት ኩባንያዎች የእያንዳንዱን ደንበኛ አከፋፈል ይልኩላቸዋል፤ እነርሱም ያን ሰብስበው፣ ፍርድ ቤት ስለ ዕዳ ከፈረደው ፍርድና ከመኖሪያው አድራሻ ጋራ አስተባብረው፣ የሰውየውን ታማኝነት በቍጥር ይገልጻሉ። አበዳሪውም ያን ተመልክቶ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ወለዱንም ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋል።

እነዚህ ኩባንያዎች ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልጉት ነገር ቀላል ነው፤ ይህ ሰው በእውነት አለን? በተናገረው ቤትስ ይኖራልን? ይህን ደግሞ ከማንም ይልቅ አጥርቶ የጻፈው መንግሥት ነው። ሁለቱ መዝገቦች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በዚያ አገር የመምረጥ መብት ያለው ሰው በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት በመራጮች መዝገብ እንዲጻፍ ሕጉ ያዛል፤ ተጠይቆ እንቢ ያለ ሰው 80 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ሰው ቅጣቱ ከዚያ የበረታ ነው። ይህ በግድ የሚጻፍ መዝገብ ለብዙ ዘመን በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ነጋዴዎችም እየገዙ ዕቃቸውን የሚያስተዋውቁበትን ደብዳቤ በየቤቱ ይልኩበት ነበር። በሰሜን እንግሊዝ በዌክፊልድ አውራጃ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ስሙ ለነጋዴ እንዳይሸጥ ቢጠይቅ መዝጋቢው ሹም አልፈቀደለትም፤ እርሱም ነገሩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አደረሰው። በኖቬምበር ወር 2001 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለጡረተኛው ፈረደ፤ ሰው ለመምረጥ የሰጠው ስም የመቃወም ዕድል ሳያገኝ ለንግድ ሊሸጥበት አይገባም አለ።

ከዚህ በኋላ በ2002 ዓ.ም. መዝገቡ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው ሙሉው መዝገብ ነው፤ እርሱም ለምርጫና በሕግ ተለይተው ለታወቁ ተግባሮች ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ማንም ሊገዛው የሚችል፣ ነገር ግን ያልወደደ ሰው ስሙን የሚያስወጣበት ነው። ዳሩ ግን የብድር መረጃ ኩባንያዎች ሙሉውን መዝገብ እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። ያው ጡረተኛ ይህንንም ተቃውሞ ቢከራከር በ2003 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለሕዝብ የሚሆን በቂ ጥቅም አለበት ብሎ ክሱን አልተቀበለውም። ስለዚህ በዚያ አገር ድምፁን ለመስጠት የተጻፈ ሰው፣ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር ኖሮ ስሙ ተሠውሮ እንዲጻፍ ካልተፈቀደለት በቀር፣ ቢወድም ባይወድም ለአበዳሪዎች ጭምር ተጽፏል።

ማዘጋጃ ቤቶች ከእነዚሁ ኩባንያዎች ጋራ በቤት ግብርም ይገናኛሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው ከቤት ግብሩ 25 በመቶ ይቀነስለታል። ይህን ቅናሽ በሐሰት የሚወስዱትን ለመለየት ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች የግብር ከፋዮቹን ስምና አድራሻ ከኩባንያዎቹ መዝገብ ጋራ ያስተያያሉ፤ በአንዱ ቤት የሁለተኛ ሰው ስም ቢገኝ ጥያቄ ይከተላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሐሰተኛው የሚሰርቀው ከድኻው ድርሻ ነውና። ነገር ግን አንዲት መበለት ትታሰብ። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቸኛ መሆኗን ነግራ ቅናሹን ጠየቀች፤ ባንኩ ግን የባሏን ሒሳብ ገና አልዘጋውም። መዝገቡም «በቤትሽ ሁለተኛ ሰው አለ» ይላታል። መዝገብ ለቅሶ አይደርስም፤ ማን እንደ ሞተ አያውቅም። እርስዋ ግን ያላደረገችውን በደል ለማስተባበል የሞት ምስክር ወረቀት ይዛ ከደጅ ወደ ደጅ ትዞራለች።

የሆነ ሆኖ ከፍርድ አስቀድሞ የሌላውን ወገን ቃል መስማት ይገባል። መንግሥት የጻፈው ለአበዳሪ ይተላለፍ የሚሉ ሰዎች ሦስት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛው፣ በሌላ ሰው ስም የሚበደረውን ሌባ ለመያዝ እውነተኛውን ስምና አድራሻ ማወቅ ያስፈልጋል ይላሉ። ሁለተኛው፣ አበዳሪ የሰውየውን ሸክም ካላወቀ በዕዳ ላይ ዕዳ ይጭንበታል ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ግን የድኻው ነገር ነው። ባለጸጋ ከባንክ ተበድሮ ቤት ቢገዛ በየወሩ የከፈለው ሁሉ ይጻፍለታል። ድኻ ግን ሃያ ዓመት ኪራዩን ሳያጓድል ቢከፍል የሚጽፍለት የለም፤ ለመበደር በሄደ ጊዜ «አናውቅህም» ይባላል፤ ከዚያም ወለዱ እጅግ ወደ ከበደበት አበዳሪ ይገፋል። ይህን ለማቃናት በ2010ዎቹ ዓመታት፣ ቤት የሌላቸው ሰዎች እየሸጡ የሚተዳደሩበት «ቢግ ኢሹ» የተባለው መጽሔት የበጎ ሥራ ክፍል ከኤክስፒሪያን ጋራ ተስማምቶ፣ በማኅበራዊ ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች የኪራይ አከፋፈል በብድር መዝገብ እንዲገባ አደረገ። የኢትዮጵያን ዜግነት ብቻ ይዞ በሎንዶን የሚኖር ሰውም የዚህን ክብደት ያውቀዋል። በመራጮች መዝገብ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህም ግብሩን እየከፈለ በአንድ ቤት ብዙ ዓመት ቢኖር እንኳ፣ ሌላ ማስረጃ ካላቀረበ በቀር፣ ለአበዳሪ መዝገብ አድራሻው ያልተረጋገጠ እንግዳ ሆኖ ሊታይ ይችላል። እንደዚህ ላለ ሰው መጻፍ ሸክም ሳይሆን መታወቅ ነው።

እንግዲህ ነገሩ በጎ ከክፉ ጋራ የተጣላበት ሳይሆን በጎ ከበጎ ጋራ የተጋጨበት ነው። ይህን የመሰለውን ለመፍረድ ወደ መጀመሪያው ቃል፣ ወደ አደራ መመለስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ጎረቤቱ በአደራ ያስቀመጠውን እህል ለተራበ ቢሰጥ ምሕረት አደረገ ይባላልን? ምሕረት የሚሆነውስ ከራሱ ጎተራ ቢያወጣ ነበር። የተራበውን ማየቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በአቅራቢያው ሳለ፣ ደጁን አንኳኵቶ ለመጠየቅ ጥቂት ርምጃ ብቻ ሲበቃው፣ ሳይጠይቅ መስጠቱ ደግነቱን ያጐድለዋል። በጎ ፍሬ አደራን ስጦታ አያደርገውም።

ደግሞም ያው ብዕር ነው የሚጽፈው። የተከራዩን ታማኝነት የጻፈ ብዕር ድካሙንም ይጽፋል። ሃያ ዓመት የከፈለው ይመሰገንበታል፤ ልጁ ታሞበት ወይም ሥራው ቀርቶበት ሁለት ወር ያጓደለው ግን፣ ቀድሞ በእርሱና በቤቱ ሹም መካከል በልመናና በትዕግሥት ያልቅ የነበረው ነገር፣ አሁን ገበያ ወጥቶ ይነገርበታል። ለአንዱ ደረት መንፊያ የሆነው ለሁለተኛው መሸማቀቂያ ይሆናል። የትኛው እንደሚሻለው የሚያውቀው ማን ነው? ራሱ ሰውየው አይደለምን? ስለዚህ መጠየቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ሰው ወደ ባንክ ሄዶ ልበደር ሲል አከፋፈሉ እንደሚጻፍ ዐውቆ ይፈርማል፤ ባይወድ ትቶ ሊመለስ ይችላል። ለመንግሥት ግን ትቶ መመለስ የለም። ግብር፣ ልደት፣ ሞት፣ ምርጫ፣ የቤት ቍጥር፣ እነዚህን ሁሉ የሚያስጽፈው በሕግ ትእዛዝና በቅጣት ፍርሃት ነው። እንግዲህ የጠባቂው ግዴታ መመዘን ያለበት በዚህ ነው፤ ሰውን ለመናገር ያስገደደው ኀይል በበረታ መጠን፣ የተናገረውን የመጠበቅ ግዴታም ይበረታል። በፈቃድ የተነገረውን ያወጣ ሰው ወሬኛ ይባላል፤ በግድ አናግሮ ያወጣ ግን ከወሬኛ የከፋ ነው።

ካህናት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የንስሐ አባት የሰማውን «ለበጎ ነው» ብሎ እንኳ አያወጣውም፤ ቢያወጣ የሚጐዳው ያ አንድ ሰው ብቻ አይደለምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ደብር እውነቱን የሚናገር አይገኝም። መንግሥት የንስሐ አባት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ቢጠይቀው፣ ወንጀል ቢደረግ፣ የጻፈውን ያወጣል። ነገር ግን ጕዳቱ የሚመጣበት መንገድ ያው ነው። እንግሊዞች በ1990 ዓ.ም. ለያንዳንዱ ጎልማሳ የነፍስ ወከፍ ግብር በጣሉ ጊዜ ብዙ ሰዎች ግብሩን ለመሸሽ ስማቸውን ከመራጮች መዝገብ እንዳራቁ ይታመናል። ግብሩ በ1993 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪው እንዳያገኘው ፈርቶ ከመዝገብ ቢሸሽ፣ ከዕዳው ጋራ ድምፁም ይቀራል፤ የድኻ ድምፅ ከሸንጎ ቢጠፋ ደግሞ ስለ ድኻ የሚናገር ሕግ ከየት ይመጣል?

ከዚህም ሌላ አደራ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር የመጥፋቱ ነገር ይበዛል። በ2007 ዓ.ም. የእንግሊዝ የግብር መሥሪያ ቤት የልጆች ድጎማ የሚቀበሉትን ቤተ ሰቦች መዝገብ በሁለት ዲስክ አድርጎ ለመንግሥት ኦዲተር ሲልክ ዲስኮቹ በመንገድ ጠፉ፤ በውስጣቸው ወደ 25 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ዝርዝር ነበረ። ኦዲተሩ የጠየቀው ከዚያ ያነሰ ነበር፤ የማያስፈልገውን ከመለየት ይልቅ ሁሉንም መላክ ቀለለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሌቦች በኢኩዊፋክስ መዝገብ ገብተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ምስጢር ዘረፉ። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ሌላ ገንዘብ ያገኛል፤ የልደቱ ቀን የተሰረቀበት ሰው ግን ሌላ ልደት ከወዴት ያመጣል?

ደግሞ የመርሳት ነገር አለ። በኦሪት ዘዳግም በሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ታዟል። የሚደንቀው ነገር፣ በእንግሊዝ አገር የብድር መዝገብ አንድ ሰው ያልከፈለው ዕዳ ከስድስት ዓመት በኋላ ከመዝገቡ ይወጣል። ነጋዴዎች ይህን ያደረጉት ኦሪትን ተከትለው አይደለም፤ ነገር ግን ሰው በአንድ ዘመን ስሕተቱ ዕድሜውን ሁሉ ሊታሰር እንደማይገባው ገበያም ሳይቀር ዐውቋል። የመንግሥት መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ አይረሳም፤ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ግብርን ለትውልድ ያኖራል። የማይረሳው ለሚፈርደው ሁሉን ቢነግረው የመርሳት ምሕረት ከሁለቱም ይጠፋል።

በኢትዮጵያም ይህ ጥያቄ ከደጅ ደርሷል። የተበዳሪዎች መዝገብ በብሔራዊ ባንክ ተሰብስቦ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት መመልከት ከጀመሩ ቈይቷል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ወጣ፤ «ፋይዳ» በተባለውም መታወቂያ ሰው ስሙንና አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የጣት አሻራውንና የዓይኑን ምስል ያስመዘግባል፤ ባንኮችም ደንበኞቻቸውን በዚሁ ቍጥር መለየት ጀምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ታወጀ። አንዱ አዋጅ ሰውን የሚያስጽፍ፣ ሁለተኛው የተጻፈውን የሚጠብቅ ነው፤ ሁለቱ እንደ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር ካልሄዱ እርሻው አይቃናም። ዋስ በጠፋበት ከተማ መሬትና ቤት የሌለው ወጣት የሚታወቅበት መንገድ ማግኘቱ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን የጥንቱ ዋስ የሚናገረው ተጠርቶ፣ ሰውየው ባለበት፣ ፊት ለፊት ነበረ፤ ቢሳሳት በዚያው ይታረማል። አዲሱ ዋስ ፊት የሌለው መዝገብ ነውና ይህ ልማድ በሕግ ሊተካለት ያስፈልጋል።

የነገሩ ፍጻሜ እንግዲህ ይህ ነው። ሰው ተገዶ ለመንግሥት የሰጠው ቃል አደራ ስለ ሆነ ለተነገረበት ጉዳይ ይጠበቅ። ለሌላ ጉዳይ ማውጣት ለሰውየው ይጠቅመዋል ከተባለ ራሱ ይጠየቅ፤ የሚጠቅመው ነገር ከሆነ በደስታ ይፈቅዳልና። ሳይጠየቅ እንዲወጣ ሕግ ግድ ካለ ደግሞ የሚበቃው ያህል ብቻ ይውጣ፤ ወዴት እንደ ሄደም ባለቤቱ ይወቅ፤ የተሳሳተ ቢኖር መበለቲቱ በአንድ ደጅ፣ በአንድ ቀን የምታርምበት መንገድ ይዘጋጅላት፤ ዘመኑም ሲያልፍ ይፋቅ። ይህን የማይፈጽም ሹም ምንም ለበጎ አስቦ ቢያደርገው የሌላውን ሣጥን በራሱ ቍልፍ ከፍቷል።

መዝገቡን የሚይዘው ጸሐፊም በየዕለቱ የሚገለብጠው ቅጠል ወረቀት ብቻ አለመሆኑን ያስብ። በያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው በግድ ወይም በእምነት ራሱን አኑሯል፤ የእርሱም ስም በሌላ ጸሐፊ እጅ በሌላ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ለራሱ ስም የሚመኘውን ጥበቃ ለዚያ ስም ያድርግ። አደራ ሰጪው ባያየው እንኳ፣ አደራን ሁሉ የሚመረምር አምላክ ያየዋል።